የሰጎን ተራ

ከታንዛኒያ ስመለስ አዲስ አበባ ላይ ሦስት ቀን ቆይቼ ነበር፤ ያረፍኩትም የእናቴ ወንድም ቤት ነው። ጋሼ መሪጌታ ናቸው። ጣና ዙሪያ ተምረው፣ አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ ደብር አገልግለዋል። በልጅነቴ በየክረምቱ ዳዊት ያስደገሙኝ እሳቸው ናቸው። እኔ አሜሪካ አገር ነርስ ነኝ፤ የምሠራውም ሌሊት ነው። ይህን የተነጋገርነው የካቲት 15 ማታ፣ በኪዳነ ምሕረት ዋዜማ፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን ነው።

ጋሼ፦ እስኪ አውሪኝ። አንበሳ አየሽ?

እኔ፦ አየሁ ጋሼ። ልነግርዎት የቸኮልኩት ግን ስለ ሰጎን ነው።

ጋሼ፦ ስለ ሰጎን?

እኔ፦ ልጅ ሆኜ ጉልላቱ ላይ ስላሉት ነጫጭ እንቁላሎች ጠይቄዎት ነበር። ምን ብለው እንደመለሱልኝ ያስታውሳሉ?

ጋሼ፦ እንዴት እረሳዋለሁ! ሰጎን እንቁላሏን የምትፈለፍለው በዓይኗ ነው ብዬሻለሁ። ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ታየዋለች፤ ዓይኗን ከነቀለች እንቁላሉ ይበላሻል። እኔም የኔታ እንደነገሩኝ ነው የነገርኩሽ። እግዚአብሔር ከቤቱ ላይ ዓይኑን አይነቅልም፣ የሚጸልይ ሰውም ልቡን አይንቀል ለማለት ነው። ይህን እያልኩ ስንቱን ልጅ አስተማርኩ። ሰጎን ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

እኔ፦ ዛሬ ያያሉ። ቪዲዮ ቀርጬልዎታለሁ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነው፤ ቻርጅ እስኪያደርግ ይጠብቁኝ።

ጋሼ፦ እስከዚያው ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ። ለምን ሄድሽ? በስልክ «ጓደኞቼ ጎትተውኝ ነው» ብቻ ነው ያልሽኝ።

እኔ፦ እሱም እውነት ነው። አብረውኝ የሚሠሩ ነርሶች ለዚህ ጉዞ ዓመታት ገንዘብ ሲያስቀምጡ ቆይተው አንዷ ቀረች፤ በእሷ ቦታ ገባሁ። እኔ የሀብታም ሽርሽር ይመስለኝ ነበር። «ሳፋሪ» በስዋሂሊ እንዲያው መንገድ፣ ጉዞ ማለት መሆኑን እንኳ ያወቅሁት እዚያ ሄጄ ነው። ከዐረብኛ የገባ ቃል ነው። በአውቶቡስ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰውም ሳፋሪ ላይ ነው።

ጋሼ፦ እንዲያ ከሆነ የቆሎ ተማሪም ሳፋሪ ላይ ነው። ቀጥዪ።

እኔ፦ እውነተኛውን ምክንያት ግን ለማንም አልተናገርኩም። ጋሼ፣ መጸለይ ትቼ ነበር።

ጋሼ፦ ከመቼ ጀምሮ?

እኔ፦ ከኮሮናው ዓመት። በእኛ 2012 መጋቢት ላይ የምሠራበት ክፍል ሞላ። ሌሊቱን ሙሉ የሰው እጅ ይዤ የማሽን ድምፅ እሰማለሁ። ቤተሰብ መግባት አይፈቀድም፤ ልጆቻቸው እንዲሰናበቷቸው ስልኩን ጆሮአቸው ላይ አድርጌ እቆማለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ለእያንዳንዳቸው እጸልይ ነበር። ክረምቱ ላይ እናቴ አረፈች፤ መምጣት አልቻልኩም። እርስዎ ፍትሐቷን ሲያደርሱ ያየሁት በስልክ ነው፤ ምስሉ እየተቆራረጠ። ከዚያ ወዲህ ጸሎት ስጀምር ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ከእግዚአብሔር ጋር የተጣላሁ አልነበረም። እኔ ዓይኔን ከነቀልኩ ሰው የሚሞት፣ ከእኔ ሌላ ነቅቶ የሚጠብቅ የሌለ ነበር የሚመስለኝ።

ጋሼ፦ ለሙት ዓመቷ ስትደውዪ ድምፅሽ ደርቆ ነበር። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ማለፍ አልነበረብኝም።

እኔ፦ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ጋሼ።

ጋሼ፦ ይሁን። አሁን ሜዳውን አሳዪኝ።

እኔ፦ ከአሩሻ ተነሥተን በመኪና ንጎሮንጎሮ ጠርዝ ላይ ወጣን። ጥንት ትልቅ እሳተ ገሞራ የነበረ፣ አናቱ ወደ ውስጥ ተደርምሶ እንደ ገበቴ የቀረ ቦታ ነው። ከጠርዙ እስከ ወለሉ 600 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከዳር እስከ ዳር ወደ 19 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጠዋት ደመና ሞልቶት ነበር። ደመናው ቀስ እያለ ሲገለጥ ታች እንደ ተልባ የተበተነው ጎሽና ዝሆን መሆኑ ታየ። ጓደኞቼ አለቀሱ። እኔ «ያምራል» አልኩ፤ ምንም አልተሰማኝም። ይህን የማልደብቅዎት ቦታው ስላማረ ብቻ ሰው እንደማይደነቅ ስላየሁ ነው። መደነቁ የመጣብኝ በማግሥቱ፣ ዛፍ እንኳ በሌለበት ገላጣ ሜዳ ላይ ነው።

ጋሼ፦ ዛፍ ለምን የለውም?

እኔ፦ በአመድ ምክንያት። በስተ ምሥራቅ ኦል ዶይንዮ ሌንጋይ የሚባል፣ ዛሬም እሳት የሚተፋ ተራራ አለ። በማሳይኛ የእግዚአብሔር ተራራ ማለት ነው፤ ማሳዮች እግሩ ሥር ሄደው ይጸልያሉ። ከእሱና ከአጠገቡ ካሉት ተራሮች በብዙ ሺህ ዓመት የዘነበው አመድ ከሥር ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ሆኗል። የዛፍ ሥር አይበሳውም፤ አጭር ሣር ብቻ ይበቅልበታል። ያ ሣር ግን በካልሲየምና በፎስፈረስ የዳበረ ነው፤ የምታጠባ እናት የምትፈልገው እሱን ነው። ዋይልድቢስት የሚሉት የዱር ከብት አለ፤ ፊቱ ረጅም፣ ጺማም፣ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ። ሊወልድ ሲል ከሰሜን ድረስ ተጉዞ እዚህ ሜዳ ላይ ይሰፍራል።

ጋሼ፦ የእግዚአብሔር ተራራ አመድ ወተት ይሆናላ!

እኔ፦ ይሆናል። ቁጥራቸው 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። በየዓመቱ እስከ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ጥጃ ይወልዳሉ፤ አብዛኛው የሚወለደው በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው። እኛ ንዱቱ የሚባለው ቦታ የደረስነው በዚያው ሰሞን ነው። ሾፌራችን ሞተር አጥፍቶ እጁን አነሣ፤ ዝም በሉ ማለቱ ነው። አንዲት ላም፣ ላም ልበላት እንግዲህ፣ ከመኪናችን ሃያ እርምጃ ላይ ተኛች። ተነሣች፣ ዞረች፣ ደግሞ ተኛች። ሁለት እግር ታየ። ጥጃው መሬት እንደነካ ሳላስበው ሰዓቴን ማየት ጀመርኩ፤ የሥራ ልማድ ነው። በአራተኛው ደቂቃ በኋላ እግሩ ተነሥቶ ወደቀ። በሰባተኛው ቆመ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከእናቱ ጎን ይሮጥ ነበር። አዋላጅ የለ፣ ኦክስጅን የለ፣ የእኔ እጅ የለበት። እንባዬ መጣ። እኔ ሳልኖር የሚቆም ነገር ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ጋሼ፦ ኢዮብ የተጠየቀው እኮ ይህንኑ ነው። የዱር ፍየሎች የሚወልዱበትን ጊዜ ያውቅ እንደሆነ፣ ወራቸውን ቆጥሮላቸው እንደሆነ። ግን ልጄ፣ ይህ ብቻ ከሆነ ደስ የሚል ነገር አይተሽ መጣሽ ማለት ነው። አንቺ በደስታ ብቻ የምትመለሺ ልጅ አይደለሽም።

እኔ፦ አይደለሁም። ከሰዓት በኋላ እናቱ የጠፋችበት ጥጃ አገኘን። እንዲህ ያለ ጥጃ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ይከተላል አሉ፤ መኪናም ቢሆን፣ አንበሳም ቢሆን። መጥቶ በመኪናችን ጥላ ቆመና ጎማውን አሸተተ። እንውሰደውና መንጋው ጋ እናድርሰው አልኩ። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። መውረድ ክልክል ነው፤ መንካት ክልክል ነው፤ ብንወስደውም ሌላ እናት አታጠባውም። ፊቱን አየሁት፤ እሱም ከፍቶት ነበር። ሄድን። ጥጃው ትንሽ ከኋላችን ሮጠና ቆመ። ማዶ ጅቦች ነበሩ።

ጋሼ፦ እግዚኦ።

እኔ፦ ሁሉም በአንድ ሰሞን የሚወልዱት አራዊቱ በልተው እንዳይጨርሷቸው ነው ብሎናል ሾፌሩ። ጅብና አንበሳ ይጠግባሉ፣ የቀረው ያልፋል። ሒሳቡ ይገባኛል። ያ አንድ ጥጃ ግን ሒሳቡ ውስጥ አልገባልኝም። ድንኳኔ ውስጥ ሆኜ ስልክ ጆሮአቸው ላይ የያዝኩላቸው ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ መጡብኝ።

ጋሼ፦ እኔም አላስገባልሽም። ይህን የሚያስረዳሽ ሰው ካጋጠመሽ ተጠንቀቂው። የኢዮብ ወዳጆች ማስረዳት ይችሉ ነበር፤ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው። ኢዮብ ከሠላሳ በላይ ምዕራፍ ለምን ለምን ሲል ቆይቶ እግዚአብሔር ራሱ ሲናገረው፣ ስለ ቁስሉም ሆነ ስለ ሞቱት ልጆቹ አንዲት ቃል አላነሣም። ያነሣለት አንበሳን፣ የቁራ ጫጩቶችን፣ የሜዳ አህያን፣ ሰጎንን፣ ንስርን ነው። የንስር ልጆች ደም እንደሚጠጡ እንኳ አልደበቀውም።

እኔ፦ ነርስ ከሆንኩ ወዲህ ይህን ሳስብ እናደድ ነበር። ለታመመ ሰው ስለ ሰጎን ይወራለታል?

ጋሼ፦ እኔንም ወጣት ሳለሁ ያስቸግረኝ ነበር። ስናስተምር «ምሥጢሩ ጥልቅ ነው» ብለን እናልፈዋለን። እናትሽን ቀብሬ ስመለስ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። የኢዮብ ቁስል አድጎ አድጎ ዓለምን አክሎበት ነበር። እግዚአብሔር ቁስልህ ትንሽ ነው አላለውም፤ ዓይኑን ቀና አደረገለት። ሰው በማይኖርበት ምድረ በዳ ላይ ዝናብ እንደሚያዘንብ ነገረው። የሚያርስበት የለ፣ የሚያመሰግንበት የለ፤ ይዘንባል። መልስ አይደለም። እኔን ግን በዚያ ሳምንት ማኅሌት ላይ ያቆመኝ ይኸው ነው።

እኔ፦ ይህን አልነገሩኝም ነበር።

ጋሼ፦ ማን ጠየቀኝ?

እኔ፦ ጋሼ፣ ሰው የማይኖርበት ስላሉ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ያ ሜዳ ሰው የሌለበት አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1951 ሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1959 ማሳዮች ከብታቸውን ይዘው እንዲወጡ ተደርጎ ንጎሮንጎሮ ተተወላቸው። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ከንጎሮንጎሮም ብዙዎች ምሶሜራ ወደሚባል ሩቅ ቦታ ተወስደዋል። መንግሥት በፈቃዳቸው ነው ይላል፤ ብዙ ማሳዮች ተገፍተን ነው ይላሉ። እኔ የተደነቅኩበትን ዝምታ ሌላ ሰው ቤቱን ለቆ ከፍሎበታል። ይህን እያወቅሁ መደነቄን ማውራት ይከብደኛል።

ጋሼ፦ ስሜን ላይም የግጭ ሰዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ዋልያው መትረፉ መልካም ነው፤ ያ ሕዝብ ግን ከዋልያው ጋር አብሮ ኖሮ ነበር። እንዲያው የእኛን አገር ሳስበው፣ ጎጃምና ጎንደር ላይ የጥንቱ ደን የተረፈው የት ነው? ደብር ዙሪያ ነው። የተረፈውም ሰው እንዲወጣ ተደርጎ አይደለም፤ ሰው ዕለት ዕለት እየገባ፣ ጫማውን አውልቆ እየጸለየበት ነው። መክበዱ ደግ ነው። መደነቅሽን አትጣዪው፤ እነሱንም አትርሺ።

እኔ፦ ሾፌሩ የነገረን ሌላ ታሪክ አለ፤ እሱ ደግሞ ከእኛ ጋር የተያያዘ ነው። ክፉ ቀንን ያመጣው የከብት በሽታ . . .

ጋሼ፦ ደስታ የሚሉት በሽታ። አያቴ ከእናቷ ሰምታ ትነግረን ነበር። በሬ አልቆ ባልና ሚስት ምድሩን በዶማ ይቧጥጡ ነበር ትላለች። አጤ ምኒልክም ሕዝቡ እንዲያይ ብለው ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል ይባላል።

እኔ፦ ያው ነው። በእኛ 1880 ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋር መጣ። እኛ ዘንድ አልቆመም። ወደ ደቡብ ወርዶ አሥር ዓመት ሳይሞላ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። በመንገዱ ማሳዮችን ከብት አልባ አደረጋቸው፤ ጎሹንና ዋይልድቢስቱንም ፈጀ። ከዚያም በኋላ በየጊዜው ጥጆቹን ይገድል ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1961 ሲቆጠሩ ዋይልድቢስቶቹ ሩብ ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። በዚያው ሰሞን ዋልተር ፕላውራይት የሚባል የእንስሳት ሐኪም ኬንያ፣ ሙጉጋ ላይ ጥሩ ክትባት ሠራ። የተከተበው የማሳዮች ከብት ነው፤ የዱሩን ማንም አልነካውም። በሽታው ከከብቱ ሲጠፋ ከዱሩም ጠፋ። በ1977 ዋይልድቢስቶቹ 1.3 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። እኛም አገር የመጨረሻው በሽታ የተገኘው አፋር ውስጥ ነው፤ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሙቀት የሚችል ክትባት ይዘው በበረሃ እየዞሩ አጠፉት። በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

ጋሼ፦ ቆዪ፣ ቆዪ። ያ አንቺ ፊት የቆመው ጥጃ ማለት . . . በዚያ ዘመን ስለ ከብት ምሕላ ተይዟል እኮ። ሰው እያለቀ ምሕላ ይዟል።

እኔ፦ ያዳነው ክትባት ነው ጋሼ። የሰው እጅ ነው።

ጋሼ፦ በእጅ ያልመጣ ምሕረት መቼ አየሽ? አንቺስ በዚያ ሌሊት የሰው እጅ የያዝሽበት የማን እጅ ነበር? በቅዳሴያችን ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዝ ውኃ፣ ስለ ምድር ፍሬ እንለምናለን። ለምነን ተቀምጠን አናውቅም፤ ገበሬው ለምኖ ሞፈሩን ይዞ ይወጣል። የእነዚያ ሰዎች ምሕላ መቶ ዓመት ቆይቶ አፋር በረሃ ውስጥ በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ ተጭኖ ከዞረ እኔ ምላሹን ለይቼ አላስቀምጠውም።

እኔ፦ እኔም እንዲህ ነው ብዬ አልደፍርም። አይደለም ብዬም አልከራከርዎትም።

ጋሼ፦ ይበቃል። ያን ሌሊት ግን እንዴት አደርሽ? ድንኳን ውስጥ ትተሽው መጣሽ።

እኔ፦ እንቅልፍ የለም። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ መድኃኒት የማዞርበት ሰዓት ነው። ድንገት አንበሳ ጮኸ። ጩኸቱ እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል ይላሉ፤ እኔ ግን ከድንኳኑ ሸራ ኋላ ያለ ነው የመሰለኝ። ደረቴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። አንዱ ሲያቆም ሌላው ከሩቅ ይመልሳል። መፍራትስ ፈራሁ። ከአፌ የወጣው ግን ዳዊት ነው። መቶ ሦስተኛው መዝሙር፣ እርስዎ ያስደገሙኝ፣ በግእዙ። የት ተቀምጦ እንደቆየ አላውቅም።

ጋሼ፦ መቶ ሦስተኛው! እዚያ ላይ ዳዊት የአንበሳውን ጩኸት ምን እንደሚለው ልብ ብለሻል? ልመና ነው የሚለው። ምግቡን ከእግዚአብሔር እየለመነ ነው።

እኔ፦ ልብ ያልኩት ያኔ ነው። በልጅነቴ ቁጥሩን ለመጨረስ ስሮጥ አልፌው ነበር። ሌላም ነገር አለው፤ ሌሊቱን ለአራዊት፣ ቀኑን ለሰው ይከፍለዋል። ፀሐይ ስትወጣ አንበሶቹ ይገባሉ፣ ሰው ለሥራ ይወጣል። ጋሼ፣ ይህ ፈረቃ ነው! ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ርክክብ አድርጌ፣ የሌላዋን ነርስ ስም መዝገቡ ላይ አይቼ፣ ቤቴ ሄጄ ግን ርክክብ ያላደረግሁ ያህል ነቅቼ ነበር የኖርኩት። ዓመታት። ያን ሌሊት ቃሉን እየደገምኩ ሳለሁ ወፎች ጮኹ። ጸሎት እያደረስኩ መሆኔ የገባኝ ሊነጋ ሲል ነው። ልጸልይ ብዬ አልተነሣሁም።

ጋሼ፦ ለጥጃው ጸለይሽ?

እኔ፦ ለጥጃውም፣ ለእናቴም። ለሾፌሩም።

ጋሼ፦ እህ።

እኔ፦ በማግሥቱ ማታ ደግሞ ሾፌሩ በባትሪ መብራት አንዲት ጥንዚዛ አሳየን። ፍግ ድቡልቡል አድርጋ ወደ ኋላዋ እየገፋች ትሄዳለች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በወገኖቿ ላይ ጥናት ተደርጎ እንደ ፈረንጆቹ በ2013 የታተመውን ነገረን፤ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት መንገዳቸው ሳይጣመም ቀጥ ብለው የሚሄዱት በፍኖተ ሐሊብ እየተመሩ ነው። ሰማዩ ሲጋረድባቸው ይዞራሉ፣ ይጠፋሉ።

ጋሼ፦ ፍግ እየገፋች ሰማይ የምታይ። ይህችን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። ስልክሽ አልሞላም?

እኔ፦ ይኸው ተነሣ። ይዩ ጋሼ፣ ይህ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ሾፌራችን በዚያ ወር የሰጎን ጎጆ በማግኘታችን ራሱ ገርሞት ነበር። ይቺ መሬት ላይ ተለጥፋ የተኛችው ሴቷ ናት።

ጋሼ፦ አመድማ ናት። ድንጋይ እኮ ነው የምትመስለው።

እኔ፦ ለዚያ ነው ቀን ቀን እሷ የምትታቀፈው፤ ከሜዳው ጋር ትመሳሰላለች። አሁን በግራ በኩል ይመልከቱ።

ጋሼ፦ ጥቁር። ወንዱ ነው? እንዴት ያለ ግርማ አለው!

እኔ፦ ተራው ደርሶ ነው የመጣው። ጥቁር ስለሆነ ሌሊት አይታይም፤ ሌሊቱን የሚታቀፈው እሱ ነው። ይኸው ተነሣችለት። አሁን እንቁላሎቹ ይታያሉ፣ አንድ አፍታ ብቻ።

ጋሼ፦ መልሺልኝ። አቁሚው። ይህ ሁሉ የእሷ ነው?

እኔ፦ የብዙ እናቶች ነው። ሌሎቹ ሴቶች እሷ ጎጆ ውስጥ ጥለው ይሄዳሉ። እሷ የራሷን ለይታ ታውቃለች፤ የራሷን መሐል ታደርጋለች፣ የሌሎቹንም አብራ ትታቀፋለች። እንዲህ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ስድስት ሳምንት ያህል ይቆያሉ።

ጋሼ፦ ታዲያ ኢዮብ ላይ እንቁላሏን መሬት ላይ ጥላ የምትረሳ ናት የተባለው?

እኔ፦ ጥለው የሚሄዱትን ያየ ሰው እንዲያ ይላል። ቆሞ ያመሸ ይህን ያያል።

ጋሼ፦ የኔታም አላዩዋትም። በዓይን አትፈለፍልም፤ ትታቀፋለች፣ እሱም ይታቀፋል። ፊሳልጎስ ከጽርእ ወደ ግእዝ ከተመለሱት ከጥንቶቹ መጻሕፍት አንዱ ነው፤ እዚያ ላይ አውሬው ሁሉ ለእኛ ትምህርት ነው የሚቆመው። እኔም ያደግሁት እንዲህ እያየሁ ነው። ይቺ ግን ለእኔ ትምህርት ልሁን ብላ አይደለም የተኛችው። እንቁላሏ እንዳይበርደው ነው። . . . አንዴ ድገሚልኝ፣ እሱ ሲመጣ ካለው ጀምረሽ።

እኔ፦ ይኸው።

ጋሼ፦ ስትሄድ ዞር ብላ አታይም።

እኔ፦ አታይም። እኔም መጀመሪያ ያስተዋልኩት ዞር ብላ አለማየቷን ነው። ሣር ልትበላ ሄደች። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዓይኑን አይነቅልም ብለው ያስተማሩኝ ግን ተራ የለውም፤ እሱ አይለወጥም፣ አይተኛም።

ጋሼ፦ አይተኛም። ያ የእሱ ድርሻ ነው። ተራ የእኛ ነው፣ የፍጡራን። ልጄ፣ አንቺ ያን ሁሉ ዓመት ይዘሽ የከረምሽው የእሱን ድርሻ ነው። ለዚህ ነው ጸሎቱ ጉሮሮሽ ላይ የቆመው፤ አምላክነቱን ተሸክመሽለት ሳለ ምን ብለሽ ትለምኚው?

እኔ፦ . . .

ጋሼ፦ አታልቅሺ። እናትሽ ባረፈችበት ሌሊት ብቻዋን አልነበረችም። አሥራ አንድ ሰዓት እስኪሆን እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ ጎረቤቷ ተቀበለችኝ። ዓይኗን የከደነችላት እሷ ናት። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም፤ የምትሰሚኝ አልመሰለኝም ነበር።

እኔ፦ ጎረቤቷ . . . እማማ ናቸው? ከግድግዳው ማዶ ያሉት?

ጋሼ፦ እሷ ናት። ነገ ሄደሽ ጉልበቷን ሳሚ።

እኔ፦ እሺ። ዛሬ ማኅሌቱ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?

ጋሼ፦ ስምንት ሰዓት ደወል ይደወላል። ቀደም ብዬ ልውጣ፤ ብርድ ነው፣ ጋቢዬን አቀብዪኝ።

እኔ፦ አብሬዎት ልምጣ?

ጋሼ፦ ለቅዳሴው ትደርሺያለሽ። ሌሊቱ የእኔ ነው። ግቢና ተኚ።